ግልገል ያዘለች እናት

የልጁ ክርና የግልገሉ ክር የተለዋወጡት በየትኛው በር ላይ ነው? ይህን ሽታዬ እስካሁን አታውቀውም። ሁለተኛው በር ላይ ነው ትልና ቆይታ ደግሞ፣ "አይ፣ የመጀመሪያው ላይ ነው፣ ያ በረኛ ሲያስነጥሰው" ትላለች። በረኞቹን ይጠይቁ እንዳይባል እነሱ ከሷ የባሱ ናቸው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ መንገር ይሻላል።

በር የበዛበት አንድ አገር አለ። ስም ነበረው ይባላል፤ ስሙን የሚጠይቅ ሲጠፋ ጊዜ ተረሳ። ከሰፈር ሰፈር በር አለ፣ ከገበያ ወደ ወንዝ በር አለ፣ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ በር አለ። በዚያ አገር በር ያልተሠራለት የበረኞቹ አፍ ብቻ ነበር።

ድሮ እያንዳንዱ በረኛ መንገደኛውን አስቁሞ ከሥር ከመሠረቱ ይጠይቅ ነበር። "ከየት ነህ? ወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ? ቆይ፣ አክስትህ እዚያ ማዶ ያገቡት አይደሉም?" ይልና፣ ጢሙን እያሻሸ የአገሩን መንገድ ሁሉ በልቡ ያወጣል ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው "በዚህ ሂድ" የሚለው። የሚቀጥለው በረኛ ደግሞ ሰውየው ምንም እንዳልተጠየቀ ሁሉ ያንኑ ከሀ ይጀምራል። ለቀብር የወጣ ለሙት ዓመት ይደርሳል። አንዲት ሙሽራ በበቅሎ ወጥታ ባሏ ቤት ስትደርስ ጥርሷ ረግፎ ነበር አሉ፤ ሙሽራውም አማቱ መስላው ጉልበቷን ስሞ፣ "ልጅዎን የት ጣሏት?" አላት።

ሕዝቡ ሲማረር አንድ ብልህ ሰው ተነሣ። የክር ሹም ተባለ። "መጠየቅ አንዴ ይበቃል" አለ፤ ሕግ ሆነ። መንገደኛ የሚጠየቀው አገሩ ጠርዝ ላይ ባለው በር ብቻ ነው። እዚያ ያለው ጸሐፊ እስኪሰለቸው ይጠይቀውና እጁ ላይ ባለቀለም ክር ያስርለታል። ከዚያ ወዲያ ወዴት ነህ የሚል የለም። የውስጥ በረኛ ሥራው ክር ማየት ነው። ቢጫ ከመጣ ቢጫውን ፈትቶ አረንጓዴ ያስርና በግራ ያስወጣል። ሰማያዊ ከመጣ ሰማያዊውን ፈትቶ ቀይ ያስርና በቀኝ ያስወጣል። በቃ። የመጣው ሰው ይሁን የጨው ከረጢት እሱን አይመለከተውም። ቀና ብሎ ፊት ያየ በረኛ፣ አንገቱ እንዲማር፣ ግድግዳ እያየ ይውላል።

ክሩ ደግሞ በራሱ ምንም ማለት አይደለም። የዚህ በር ቢጫ የዚያ በር ቢጫ አይደለም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ነው የሚስማማው። "ወደ ወንዙ የሚሄደውን ወደኔ ስትልክ ቢጫ አስረህ ላክልኝ" ይላል አንዱ፤ ሌላው እሺ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከዚያ ወዲያ ያለው ይጨነቅበት። ስለዚህ አንዱ በር ላይ ቢጫ ማለት ውኃ የምትቀዳ ሴት ናት፤ ሌላው በር ላይ ቢጫ ማለት የተሰበረ ወንበር ነው።

ዘርፍም አለ። አንድ ጊዜ ሠርግ ሊያደምቁ የሄዱ ዘፋኞች ሁለት በረኞች መካከል ገቡ። አንዱ ወደ ሌላው ይልካቸዋል፣ ያኛው መልሶ ወደዚህ ይልካቸዋል፤ ክሩ እንዲያ ነው የሚለው። እየዘፈኑ ዞሩ፣ እየዘፈኑ ሸበቱ። ከዚያ ወዲህ ክር ሁሉ ጫፉ ላይ ዘርፍ ይንጠለጠልበታል፤ ክሩ ሲለወጥም ዘርፉ ወደ አዲሱ ይዛወራል። በየበሩ አንድ አንድ ፈትል ይነጫል። ዘርፉ ያለቀበት "ጠፍቷል" ይባልና ከአጥር ውጭ ይጣላል። እዚያው ቆሞ፣ በአፉ እየተናገረ እንኳ፣ ጠፍቷል ነው የሚባለው።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ሠራ። ሰው እንደ ንፋስ ያልፍ ጀመር። ጠዋት የወጣ ቁርሱ ሳይበርድ ይደርሳል። ሕዝቡ ወደደው፣ ሽታዬም ወደደችው።

ሽታዬ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ፈሪ እናት ናት። ልጁ ሲያለቅስ ታመመ ትላለች፣ ዝም ሲል ሞተ ትላለች። ሲተኛ አፍንጫው ሥር ጣቷን ታስጠጋለች፤ ሲነቃ ደግሞ ለምን ነቃ ብላ ትደነግጣለች። ልጁ ጥርስ አላወጣም፣ ስምም አልወጣለትም። ስም የሚያወጡት አባቷ ናቸው፤ የሚኖሩት ደግሞ በሮቹን ሁሉ አልፎ ማዶ ነው። አንድ ማለዳ ልጁን በአንቀልባ አዝላ ወደዚያው ተነሣች።

የጠርዙ ጸሐፊ ከመነጽሩ በላይ አያት። እሱ ማየት ይፈቀድለታል።

"ወዴት ነሽ?"

"አባቴ ጋ። ለልጄ ስም ሊያወጡለት።"

"እሱስ ወዴት ነው?"

"ማን?"

"ጀርባሽ ላይ ያለው።"

"እንዴ! እሱማ ከኔ ጋ ነዋ!"

"ጀርባ ላይ መሆን መልስ አይደለም። አንድ ራስ፣ አንድ ክር።" ለሷም ለልጁም አንድ ዓይነት ክር አሰረላቸው። ልጁ ወዲያው ክሩን ወደ አፉ ከተተው።

ከኋላዋ አንድ ገበሬ ነጭ የፍየል ግልገል ይዞ ቆሟል። "ለድግሱ ቤት እጅ መንሻ ነው" አለ፤ ግልገሉ አንገት ላይ ሌላ ቀለም ታሰረለት። ገበሬውም እዚያው አስረክቦ ሄደ። ክር የታሰረለት ነገር ባለቤት አያስፈልገውም። ግልገሉ ግን ልጁን ወደደውና ሽታዬን ተከተላት፤ እሱ የልጁን እግር ይልሳል፣ ልጁ የሱን ጆሮ ይጎትታል። አንዱ የሌላውን ዘርፍ ያኝካል።

የመጀመሪያው በር ላይ ሰልፉ ተጋፍቷል። በረኛው አዳዲስ ክሮችን በጥርሱ ነክሶ፣ "እጅ! እጅ! አንገት! እጅ!" እያለ የሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ላይ ይፈታል፣ በአንድ ላይ ያስራል። መሐል ላይ አስነጠሰው፤ ክሮቹ ከአፉ በነኑ፤ አፋፍሶ አሰረ። ሁለተኛው በር ላይ ያለውም ያው ነው፣ እሱ ደግሞ ያንቀላፋል። ሽታዬ ክር አላየችም፤ እሷ የምታየው ልጁ አፍንጫው ተከፍቶ እንደሆነ ነው።

ሦስተኛው በር ላይ ግን በረኛው እጇን ይዞ፣ "ቢጫ! አረንጓዴ፣ በግራ!" አለ። ወዲያው እጁን ወደ ጀርባዋ ሰደደ። "ሰማያዊ! ቀይ፣ በቀኝ!" ልጁን ከአንቀልባው መዥርጦ በቀኝ በኩል ለቆመው ተቀባይ አቀበለው። ተቀባዩም በሩን ዘጋ። ቀጥሎ በረኛው ጎንበስ ብሎ የግልገሉን አንገት ዳበሰ። "ይህም ቢጫ ነው። አረንጓዴ፣ በግራ። ያንቺ ነው፣ አንቀልባሽም ባዶ ነው" ብሎ ግልገሉን አዘላት።

"ልጄን! ምን አደረግክ? ልጄን መልስ!"

"ጀርባሽ ላይ አይደል እንዴ?"

"ይኼ ፍየል ነው!"

"እኔ ፍየል አላውቅም፣ እህቴ። እኔ ቢጫ ነው የማውቀው።"

"እየው! ጆሮውን እየው!"

"ማየት ክልክል ነው። አንዴ አይቼ አንገቴን እስካሁን ያመኛል።"

ግልገሉ፣ "ሜ!" አለ።

"ሰማህ?"

"እሰይ፣ አፉን ፈቷል!" አለ በረኛው ደስ ብሎት።

ከኋላ ሰልፈኛው መጮህ ጀመረ። "አንቺ ሴትዮ፣ እለፊ እንጂ!" "ዳገት የሚወጣ ልጅ ተሰጥቷት ታማርራለች!" አንዲት ወፍራም ሴት ደግሞ፣ "የኔን ልጅ ብታይው ኖሮ ይህን ስመሽ ትወስጂው ነበር" አለች። ሳቁ። በሳቁ መካከል ተገፍታ በግራ በር ወጣች።

ሽታዬ ውጭ ቆመች። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ግልገሉ ፀጉሯን ይበላ ጀመርና ማልቀሱንም ከለከላት። ከዚያ ድንገት የገበሬው ቃል ትዝ አላት። ለድግሱ ቤት። ግልገል ለድግስ ቤት የሚላከው ሊጨፍር አይደለም። ልጇ የግልገሉን ክር አስሮ፣ የግልገሉን መንገድ ይዞ ወደ ወጥ ቤት እየሄደ ነው። ዘርፉም ግማሹ ታኝኳል። በዘርፉ ቢሆን ከአጥር ይጣላል፣ በክሩ ቢሆን ድስት ይገባል።

ወደ በሩ ብትመለስ ያው አረንጓዴና ግራ ነው። ብትጮህ፣ ክር ጆሮ የለውም። ምን ታድርግ? እጇን አየች። በረኛው ሲያያት ምን አየ? ላይ ያለውን ክር። ከላይ ሌላ ቢኖርስ? ነጠላዋን አገላበጠች። ጥለቱ ሰማያዊ ነው። በጥርሷ ተርትራ ቀደደችው፤ ገምዳ ከአረንጓዴው በላይ አሰረችው። ዘርፍ እንዳያንሳት ብላ የነጠላውን ጫፍ ቁጭት ሁሉ አንጠለጠለችበት፤ እስከ ጉልበቷ ወረደ። ከዚያ ግንቡን ዞራ፣ እየሮጠች፣ ያው በረኛ ፊት ቆመች።

ክሩ በሁለት ጥርሶቹ መካከል እንደተነከሰ፣ "ሰማያዊ!" አለ። የላይኛውን ፈታ፣ ቀይ አሰረ፣ ዘርፉን አዛወረ። ከሥር ያለውን አረንጓዴ ነካም አላለው፤ የበረኛ ሥራ ሁልጊዜ የላይኛው ነው። "በቀኝ! ይኼን ያህል ዘርፍ፣ መቼም ዓለም ዳርቻ ነሽ መሰለኝ" ብሎ አንድ ፈትል ነጨና አሳለፋት።

ያ ሁሉ ጭንቀት እያለባት፣ እዚህ ላይ ሽታዬን ሳቅ ያዛት። የፍርሃት ሳቅ ነው፤ ልጅ ያላት ታውቀዋለች። ግልገል አዝላ፣ ዘርፏን እየጎተተች ከበር በር በረረች። ቀዩ ነጭ ሆነ፣ ነጩ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ወይን ጠጁ ዳማ። አንድም በረኛ ጀርባሽ ላይ ምንድን ነው አላላትም። "ሜ!" ሲል እንኳ አንዱ፣ "እንደምን ዋልሽ" ነው ያለው።

የመጨረሻው ቤት፣ የድግሱ ቤት፣ በረኛ እጁን እንዳያደክም ተብሎ፣ ከሱ በፊት ያለው በረኛ ክር ይፈታል እንጂ አዲስ አያስርም። ይህ የበፊተኛው በረኛም እንደ ሕጉ የላይኛውን ፈታ። ባዶ እጅ ሲጠብቅ ከሥር አረንጓዴው ብቅ አለ። ትንሽ አሰበ። "እኔ የላይኛውን ፍታ ነው የተባልኩት። የታችኛው የኔ ጉዳይ አይደለም" አለና ለቀቃት።

አረንጓዴ በሦስተኛው በር ጎረቤት ዘንድ ወደ አባቷ የምትሄድ ሴት ማለት ነበር። በድግሱ ቤት ዘንድ ግን አረንጓዴ ማለት ሌላ ነው። አጋፋሪው ክሩን ሲያይ በዱላው መሬቱን መታ።

"ብድግ በሉ! ቀማሹ ሹም ገቡ!"

ቀማሹ ሹም ማለት ከማንም በፊት ቀምሶ፣ ይሁን ካላለ ድግሱ የማይበላ ትልቅ ሰው ነው። የሱ ቃል በድግስ ቤት ሕግ ነው። መቶ ራስ ወደ መሬት አጎነበሰ፤ እንደ ወጉ አንድም ቀና ያለ የለም።

"ካባዎን ልቀበልዎ፣ ጌታዬ" አለ አጋፋሪው፤ አንቀልባውን ከነግልገሉ ገፈፋት። "ካባዎ ይራገጣል፣ ጌታዬ።"

"አዲስ ስለሆነ ነው" አለች ሽታዬ፤ ድምፅዋ እንዴት እንደወጣ እሷም አታውቅም። አጋፋሪው "ካባውን" የካባ ክፍል አስገብቶ ቆለፈበት። "ወጥ ቤቱ የት ነው?"

ወጥ ቤቱ ጫጫታ ነበር። የወጥ ቤቱ አለቃ ማንደፍሮ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ቢላዋውን ይዞ ቆሟል፤ ረዳቶቹ አንድ ሰፊ ትሪ ከበዋል። ትሪው ላይ፣ በቅጠል መካከል፣ የሽታዬ ልጅ በጀርባው ተኝቶ የገዛ እግሩን ይጠባል።

"ክሩ ግልገል ነው የሚለው" ይላል አንዱ ረዳት፣ ዓይኑን ከክሩ ሳይነቅል፤ እዚህም ከክር ሌላ ማየት ክልክል ነው።

"ጠጉር የለውም እኮ፣ ዳብሰነዋል።"

"ገፍፈው ልከውት ይሆናላ። ሥራ አቃለሉልን።"

"ቅጠል ሰጠነው፣ ተፋው።"

"የታመመ ከሆነ ለድግስ አይቀርብም!"

"አልታመመም" አለ ማንደፍሮ ላቡን እየጠረገ። "ችግሩ ሌላ ነው። ቢላዋ ባነሣሁ ቁጥር ይስቃል። እሱ ሲስቅ እኔን ሳቅ ይይዘኛል። ሳቅ የያዘው ሰው እንዴት ብሎ ያርዳል?" ቢላዋውን አነሣ። ልጁ በድዱ ሳቀ። ማንደፍሮ ሆዱን ይዞ ተንፈራፈረ፤ ረዳቶቹም ተከተሉት፤ ቢላዋው መሬት ላይ ወደቀ። ለካ ከደረሰ ጀምሮ ሲያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ሽታዬ፣ "ልጄ!" ልትል አፏን ከፈተችና ዋጠችው። ልጄ ያለች እንደሆነ ሹም መሆኗ ይቀራል፤ ሹም መሆኗ ከቀረ የሚሰማት የለም። ደረቷን ነፋች።

"ያንን ግልገል ወዲህ! ልቅመሰው!"

"በጥሬው፣ ጌታዬ?" አለ ማንደፍሮ ወደ መሬት እያየ።

"በጥሬው!"

አቀረቡላት። እቅፍ አደረገችው፤ ጉንጩን፣ አንገቱን፣ መዳፉን፣ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመችው። ረዳቶቹ ድምፁን ብቻ እየሰሙ፣ "ጉድ! እንዴት ያጣጥሙታል!" ተባባሉ።

"ምን ይላል፣ ጌታዬ? ጨው አንሶታል?"

"በዝቶበታል" አለች ሽታዬ። የራሷ እንባ ነበር።

ከዚያ የልጁን ክር በጥርሷ በጥሳ ጣለችው። "አሁን ቀና በሉ። እዩት። ሹም ነኝ፣ አዝዣለሁ፣ እዩት!"

አንገቶች ቀጭ ቀጭ እያሉ ተነሡ። መጀመሪያ ልጁን አዩ። ቀጥሎ እሷን አዩ። ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ፤ ያኔ ነው ቤቱ የተቀወጠው። "አንተ መላጣ ነህ እንዴ?" "አንቺ ሴት ነሽ? ይኸው ስንት ዘመን ወንድሜ እያልኩሽ!" አንድ ረዳት የጎኑን ሰው ትክ ብሎ አየና፣ "አባቴ!" ብሎ ተጠመጠመበት፤ ሁለቱ አንድ ሽንኩርት ሲልጡ ነው የኖሩት።

ማንደፍሮ ግን ሽታዬን አፍጥጦ ያያል። "እህቴን ትመስያለሽ" አለ ቀስ ብሎ። "ወደ እህቴ ሠርግ ስሄድ ነበር እኮ! አዲስ ልብስ ለብሼ! በሩ ላይ ከጎኔ ለወጥ ሠሪነት የተቀጠረ ሰው ቆሞ ነበር... በረኛው ክሩን... ወይኔ! እኔ እኮ ወጥ መሥራት አልችልም!"

"እሱንስ እናውቃለን" አሉ ረዳቶቹ ባንድ አፍ።

እጁን ዘረጋላት። ክሩ ከቆዳው ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። "ፍቺልኝ፣ እህቴ። ሰው የገዛ ቋጠሮውን እንዳይፈታ ሕግ ነው፤ ሹም ነው የሚፈታ።" ከሱ ኋላ ሌላው እጁን ዘረጋ፣ ከዚያም ሌላው። የድግሱ ቤት አሽከሮች ወሬውን ሰምተው ገቡ። ሰልፍ ሆነ። "ለኔም! ለኔም!" ደስታው ልክ አጣ፤ አንዷ እልል አለች፤ አጋፋሪው ራሱ ዱላውን ጥሎ ሰልፉ ውስጥ ቆመ።

በዚህ መሐል ነጋሪት ተመታ። እውነተኛው ቀማሽ ሹም የፊተኛው በር ደርሷል። እሱ ሲገባ የሽታዬ አረንጓዴ ከክር አይቆጠርም። የወጥ ቤቱ የኋላ በር ግን ገና ክፍት ነው፤ እዚያ የቆመው ዘበኛ አረንጓዴ አይቶ ያሳልፋታል። ልጇን ይዛ ብትወጣ፣ በዚያው ወደ አባቷ።

ሽታዬ አሁን እዚያ ቆማለች። ልጇ በአንድ ክንዷ ላይ ነው፤ በሌላው እጇ የማንደፍሮን ቋጠሮ ይዛለች። ቋጠሮው ጠንካራ ነው፣ በአንድ እጅ አይፈታም። በጥርሷ ሞክራ አቃታት፤ በቢላዋ እንዳይባል ክሩና ቆዳው አይለዩም። አንቀልባው ተቆልፎበታል። ልጁን ለሰው እንዳትሰጥ፣ ከሰው እጅ ገብቶ የሆነውን አይታለች። ልጁን ማስቀመጫ ቢኖር ያ ትሪ ብቻ ነው። ብትሄድ የነዚህን ሰዎች ፊት እንዴት ትረሳለች? ብትቆይ ስም ያልወጣለትን ልጅ በምን ታድነዋለች? ማንደፍሮ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቃል፤ ዓይኑን አሁን መሬት ላይ አይጥልም።

ልጅ ያላችሁ፣ ልጅ የሌላችሁም፣ እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ልጁን ትሪው ላይ ታስቀምጠው ወይስ ትውጣ? እባካችሁ ምከሯት። ቶሎ ብላችሁ ግን፤ ነጋሪቱ እየቀረበ ነው።